በደል፣ ኀፍረትና ኃላፊነት በዐፄ ይኩኖ አምላክ ሕይወት፦ ከጋይንት ቂርቆስ እስከ ገነተ ማርያም

መግቢያ

ከላሊበላ ከተማ በስተ ምሥራቅ፣ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ግርጌ፣ ገነተ ማርያም የተባለች ከአንድ ወጥ ዓለት ተፈልፍላ የወጣች ቤተ ክርስቲያን ትገኛለች። ዙሪያዋን በዓምዶች የተከበበች ስትሆን አሠራሯ በላሊበላ የሚገኘውን ቤተ መድኃኔ ዓለምን ያስታውሳል። በውስጥ ግድግዳዎቿ ላይ ከቅዱሳን ሥዕሎች ጋር የአንድ ንጉሥ ምስል ተሥሏል፤ በግእዝ የተጻፈው ጽሑፍም ቤተ ክርስቲያኒቱን ያሠራው ይኩኖ አምላክ መሆኑን ይገልጻል። የላስታን ታሪክ ለሚያውቅ አንባቢ ይህ ስም በዚህ ቦታ መገኘቱ ጥያቄ ያስነሣል። ይኩኖ አምላክ የላስታን ነገሥታት ዘመን ያበቃ፣ በአንድ ጽኑ ትውፊት መሠረትም የመጨረሻውን የዛጉዌ ንጉሥ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ የገደለ ሰው ነው። ታዲያ ድል ባደረጋቸው ሰዎች አገር፣ በእነርሱው የእጅ ጥበብ፣ ቤተ ክርስቲያን ማስፈልፈሉ ምን ማለት ነው? ይህ አጭር ጽሑፍ የንጉሡን ሕይወት ከዚህ ጥያቄ በመነሣት ይተርካል።

የጥያቄው አቀራረብ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከተጻፈው የጀርመን ድራማ የተወሰደ ነው። በ1947 በሃምቡርግ መድረክ ላይ የቀረበው የቮልፍጋንግ ቦርሸርት ተውኔት፣ ከግንባር የተመለሰ ወታደር በእርሱ ትእዛዝ ስለ ሞቱ ጓዶቹ የተሸከመውን ኃላፊነት ለአዛዡ ለመመለስ ሲሞክር ያሳያል፤ አዛዡ ግን አይቀበለውም። በ1961 በዚያው ከተማ የታየው የዚግፍሪድ ሌንዝ ተውኔት ደግሞ ራሳቸውን ንጹሓን አድርገው የሚቆጥሩ ዜጎችን ከአንድ እስረኛ ጋር በአንድ ክፍል ይዘጋል። ሌሊቱ ሲነጋ እስረኛው ሞቶ ይገኛል፤ ገዳዩ ግን አይታወቅም። ሁለቱም ሥራዎች የሚጠይቁት በመሠረቱ አንድ ነገር ነው፦ ሥልጣንና ታሪክ የሚጋርዱትን ደም ማን ይሸከማል? ጥያቄው የጀርመኖች ብቻ አይደለም። በእኛም አገር አንድ ሥርወ መንግሥት በተመሠረተበት ጊዜ ተነሥቷል፤ መልስ የተሰጠው ግን በመድረክ ሳይሆን በገድል፣ በዜና መዋዕል፣ በሥዕልና በትውፊት ነው።

በዚህ ጽሑፍ ሦስት ቃላት ተለይተው ይታያሉ። በደል የፈጸመው ሰው የራሱ ነው። ኀፍረት በሌሎች ዓይን ፊት የሚመጣ ነው። ኃላፊነት ግን ከፈጻሚው አልፎ በድርጊቱ ለተጠቀሙትና ለወራሾቹ ሊተላለፍ ይችላል። የንጉሡ ኅሊና ምን ይል እንደ ነበር የሚነግረን የራሱ ኑዛዜ የለንም፤ ስለዚህ የሚመረመረው ልቡ ሳይሆን የተወው ሥራና ሰዎች ስለ እርሱ የተረኩት ነው።

ትውልድና ትምህርት

ይኩኖ አምላክ የአምሐራ ሰው ነበር። አምሐራ በዚያ ዘመን በዋናነት የሚያመለክተው የዛሬውን ደቡብ ወሎ አካባቢ ነው። የሥርወ መንግሥቱ ትውፊት አባቱን ተስፋ ኢየሱስ ይለዋል፤ ዘሩንም ወደ መጨረሻው የአክሱም ንጉሥ ወደ ድልነዓድ፣ በእርሱም በኩል ወደ ሰሎሞንና ወደ ንግሥተ ሳባ ይወስደዋል። ሌላ ትውፊት ደግሞ እናቱ በሰገረት የአንድ ባለጸጋ አገልጋይ እንደ ነበረች ያወሳል። ሁለቱ ትረካዎች ጎን ለጎን መቆየታቸው ትርጉም አለው። አንደኛው የሥልጣንን መብት ያጸናል፤ ሌላው ከታች የተነሣ ሰው ሊሸፍነው የሚፈልገውን ኀፍረት ያስታውሳል።

ወጣቱ የተማረው በሐይቅ እስጢፋኖስ ነው። ይህን ገዳም ከ1248 ገደማ ጀምሮ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ዓ.ም. ካልተባሉ በቀር በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው) የትምህርት ማእከል ያደረጉት አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ናቸው። ከደብረ ዳሞ የመጡት እኒህ መነኩሴ ብዙ ደቀ መዛሙርትን አፍርተዋል፤ ለገዳሙ ያበረከቱት አራቱ ወንጌል የ13ኛው ክፍለ ዘመን ትልቅ ምስክር ሆኖ ይቆጠራል። ይኩኖ አምላክ በዚህ ቤት ያገኘው ንባብና ጽሕፈት ብቻ አልነበረም። ስለ ኃጢአት፣ ስለ ንስሓ፣ ስለ ቀኖናና ስለ መቅደስ ክብር የሚያስተምር ሥርዓት ውስጥ አድጓል። ይህ ነጥብ ለኋላው ፍርድ አስፈላጊ ነው፤ ባለማወቅ የሠራ ሰውና የሚያደርገውን እያወቀ የሠራ ሰው እኩል አይጠየቁምና።

እስርና ትንቢት

በላስታ የነገሡት የዛጉዌ ገዢዎች ይህን የአምሐራ ወጣት በስጋት ይመለከቱት እንደ ነበር ይነገራል። በትውፊቱ መሠረት ይኩኖ አምላክ መሎት በተባለ ተራራ ታስሮ ነበር፤ በኋላም አምልጦ ተከታዮችን ሰበሰበ። ከዚሁ ጋር በሰፊው የታወቀ የአውራ ዶሮ ታሪክ አለ። አንድ አውራ ዶሮ ራሱን የበላ ሰው እንደሚነግሥ ይተነብያል፤ ንጉሡ ዶሮው ታርዶ እንዲቀርብለት ያዛል፤ ወጥ ቤቱ ግን የዶሮውን ራስ ይጥለዋል፤ የተጣለውንም ወጣቱ ይኩኖ አምላክ አንሥቶ ይበላዋል።

ይህ ታሪክ በልጆች ዘንድ እንደ ተረት ቢነገርም በኅሊና ጥያቄ ረገድ የሚሠራው ሥራ አለ። ንግሥናው በምርጫና በሰይፍ የተገኘ ሳይሆን ከእጣ የመጣ ይሆናል። የተጣለ ነገር ያነሣ ሰው የማንንም አልሰረቀም። ንጉሡም ዕድሉን ያጣው በራሱ ወጥ ቤት ቸልተኝነት ነው። እንዲህ ባለው ትረካ ውስጥ ደም ከመፍሰሱ በፊት በደሉ አስቀድሞ ይነሣል። ትንቢት ንጉሥን ለማንገሥ ብቻ ሳይሆን ከኃላፊነት ለማውጣትም እንደሚያገለግል ከዚህ እንረዳለን።

በጋይንት ቂርቆስ

የሥልጣን ትግሉ ከአምሐራ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ ዘለቀ። የዛጉዌው ንጉሥ በተከታታይ ውጊያ ተሸንፎ አፈገፈገ፤ በመጨረሻም በቤጌምድር፣ በጋይንት፣ በቅዱስ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ተጠለለ። ትውፊቱ እንደሚለው ይኩኖ አምላክ ተከትሎ ገብቶ በዚያው በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ገደለው። ከዚህም በኋላ በ1262 ዓ.ም.፣ ማለትም በ1270፣ ነገሠ።

በክርስቲያኑ ደጋ የኖረ ሰው የዚህን ድርጊት ክብደት ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል። ደብር ገብቶ የተማጸነ ሰው፣ ደመኛም ቢሆን፣ እንዳይነካ የሚጠብቀው የቆየ ልማድ አለ። ገዳይ እንኳ ደወል ደውሎ ወደ ቅጥሩ ከገባ ሽማግሌና ካህን በመካከል ይቆማሉ። የቂርቆስ ስም ደግሞ ነገሩን ያከብደዋል። ቅዱስ ቂርቆስ ከእናቱ ከኢየሉጣ ጋር በገዢ እጅ የተሠዋ ሕፃን ነው፤ በስሙ በተሠራ ደብር ውስጥ መገደል ትውፊቱን ለሰሙት ሁሉ ትልቅ ነውር ነበር። ለአሸናፊው ወገን የሚጠቅም ታሪክ ብቻ ቢተርፍ ኖሮ ይህ ዝርዝር ይጠፋ ነበር። አለመጥፋቱ ማኅበረሰቡ ድርጊቱን እንደ ተራ የጦርነት ሞት አለመቁጠሩን ያመለክታል።

የተሰወረ ስም

የተገደለው ንጉሥ ማን ነበር? በብዙ ዝርዝሮች ይትባረክ ይባላል፤ የላሊበላ ልጅ መሆኑም ይነገራል። በአንዳንድ የሰሎሞናውያን ምንጮች ግን ዛ-ኢልማክኑን በሚል እንግዳ መጠሪያ ተጽፏል። መጠሪያው የተሰወረው ወይም ያልታወቀው የሚል ትርጉም እንዳለው የታሪክ ምሁራን አመልክተዋል። በዚህ ረገድ የመጨረሻው የዛጉዌ ንጉሥ ሁለት ጊዜ ተገድሏል ማለት ይቻላል፤ አንድ ጊዜ በሰይፍ፣ ሁለተኛ ጊዜ በብዕር።

ከሌንዝ ተውኔት ጋር ያለው ንጽጽር እዚህ ላይ ጠቃሚ ይሆናል። በተውኔቱ ውስጥ ሟቹ ይታወቃል፤ የተሰወረው ገዳዩ ነው። ንጹሓን የተባሉት ሁሉ ጥርጣሬውን የሚጋሩትም በዚህ ምክንያት ነው። በእኛ ታሪክ ግን ገዳዩ በስሙ፣ በምስሉና በዘውዱ ይታወቃል፤ የተሰወረው ሟቹ ነው። የገዳይ ስም ሲሰወር በደሉ ለብዙዎች ይከፋፈላል። የሟች ስም ሲሰወር ደግሞ በደሉ የሚቆጠርለት ባለቤት ያጣል፤ ማን እንደ ሞተ ካልታወቀ ማንም ደሙን ሊጠይቅ አይችልምና። ስም መሰወሩ በራሱ የኀፍረት ምልክት ነው፤ የማያሳፍር ድል የተሸናፊውን ስም ደጋግሞ ይጠራል እንጂ አይደብቅም።

የንግሥና ዓመታት

ይኩኖ አምላክ እስከ 1285 ድረስ አሥራ አምስት ዓመት ያህል ገዛ። የሥልጣኑ መሠረት ከላስታ ወደ ደቡብ፣ ወደ አምሐራና ወደ ሸዋ ዞረ። ለረዳችው ቤተ ክርስቲያን ውለታ እንደ መለሰ ይነገራል። የሐይቅ አበምኔቶች ዐቃቤ ሰዓት የሚለውን ከፍተኛ ማዕረግ ማግኘታቸው ከእርሱ ጋር ይያያዛል፤ ሲሶው መሬት ለቤተ ክርስቲያን ተሰጠ የሚለው ትውፊትም የዚሁ አካል ነው። ቀደም ያለው ትውፊት ውለታውን ለአቡነ ኢየሱስ ሞዐ ሲሰጥ፣ ከጊዜ በኋላ የተስፋፋው ደግሞ ለአቡነ ተክለ ሃይማኖት ይሰጠዋል። ውለታው ለማን ይገባል የሚለው ክርክር ከገዳማት ፉክክር ጋር የተያያዘ ነው፤ ሁለቱም ወገኖች ግን ለውጡ በቅዱስ ሰው እጅ ተባርኮ እንደ መጣ ይስማማሉ።

የውጭው ዓለም ይህን በረከት ፈጥኖ አላጸናለትም። በ1270ዎቹ ይኩኖ አምላክ በየመን ገዢ በኩል ለግብጹ ሱልጣን ለባይባርስ ደብዳቤ ልኮ ከእስክንድርያ ጳጳስ እንዲመጣለት ጠየቀ። ጥያቄው የጠበቀውን ውጤት አላገኘም። በአገሪቱ ውስጥ ሶርያውያን ጳጳሳት ማገልገላቸውም በተከታዩ ንጉሥ ዘመን የቅሬታ ምክንያት ሆነ። አዲስ ሥርወ መንግሥት ለመሠረተ ሰው ይህ ቀላል ጉዳይ አልነበረም፤ በደምብ የተሾመ ጳጳስ ካህናትን የሚሾም ብቻ ሳይሆን የንጉሡንም ሕጋዊነት የሚያትም ነበርና።

ገነተ ማርያም

የገነተ ማርያም መሠራት መታየት ያለበት በዚህ ሁኔታ ውስጥ ነው። ሥራው ቢያንስ በሦስት መንገድ ሊተረጎም ይችላል። የመጀመሪያው የንስሓ ንባብ ነው። በመቅደስ ደም ያፈሰሰ ንጉሥ መቅደስ ሠርቶ ይክሳል፤ ለበደል ቤተ ክርስቲያን ማነጽ፣ መሬት መስጠትና መመጽወት በአገራችን የታወቀ የቀኖና መንገድ ነው። ሁለተኛው የድል ንባብ ነው። ንጉሡ በተሸናፊዎቹ ልብ መካከል ስሙንና ምስሉን ይተክላል። ሦስተኛው የቀጣይነት ንባብ ነው። ዓለት የመፈልፈልን ጥበብ የላስታ ሕዝብ ይዞት ነበር፤ አዲሱ ንጉሥ ያንን ጥበብ ባለማቋረጥ የቀደሙት ነገሥታት ወራሽ መሆኑን ያሳያል።

የንስሓውን ንባብ ብቻ መምረጥ ማራኪ ቢሆንም ማስረጃው አይፈቅድም። በግድግዳው ላይ ያለው ጽሑፍ ንግሥናውን ከእግዚአብሔር የተቀበለው አድርጎ ያቀርባል፤ ስለ ጋይንት አንዳች ነገር አያነሣም። ምስሉም በሐዘን የተደፋ ሰው ምስል ሳይሆን የንጉሥ ምስል ነው። ይሁን እንጂ የድሉም ንባብ ብቻውን አይበቃም። ድልን ብቻ የፈለገ ሰው የተሸናፊውን ሥራ ያፈርሳል ወይም ችላ ይላል፤ ይኩኖ አምላክ ግን የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት አርአያ አደረገ። ከሦስቱ ንባቦች የተሻለ የሚያስረዳው የሁለቱ ጥምረት ይመስላል፦ ንጉሡ በደሉን ሳይናገር የሚከፍልበትን፣ ሳይናዘዝ የሚታረቅበትን መንገድ ፈለገ። ገነተ ማርያም ያልተነገረ በደል የቆመባት ቤት ናት ቢባል ከማስረጃው አያርቅም።

ግድያው እርቅ ሲሆን

ከንጉሡ ሞት በኋላ ትውፊት የራሱን ሥራ ቀጠለ። በሰፊው የታወቀው ሌላው ታሪክ ስለ ግድያ አያወራም። በዚህ ታሪክ መሠረት የዛጉዌው ንጉሥ ነአኩቶ ለአብ፣ በአቡነ ተክለ ሃይማኖት አማላጅነት፣ መንግሥቱን በፈቃዱ ለሰሎሞን ዘር አስረከበ፤ በምላሹም ለእርሱና ለዘሩ በላስታና በዋግ የተለየ ክብርና ግዛት ተጠበቀላቸው። ይህ ታሪክ ከጋይንቱ ጋር አይገጥምም። በአንዱ ንጉሡ ይትባረክ ነው፤ በሌላው ነአኩቶ ለአብ። በአንዱ ደም አለ፤ በሌላው ቃል ኪዳን።

የእርቁ ታሪክ አጽንዖት ሊሰጠው የሚገባ ቅርጽ አለው። አማላጅ የሆነ ቅዱስ ሰው አለ፤ ሁለት ወገኖች አሉ፤ ለተጎዳው ወገን የሚሰጥ ካሣ አለ፤ በመጨረሻም መሐላ አለ። ይህ በአገራችን ደጋ ደም ከፈሰሰ በኋላ ሽማግሌዎች የሚያካሂዱት የእርቅ ሥርዓት ነው። ስለዚህ ትውፊቱ ግድያውን ሲያስወግድ እንኳ የግድያን መፍትሔ አስቀርቷል። ካሣ የተከፈለበት ታሪክ፣ በደሉ ባይጠቀስም፣ በደል መኖሩን ይመሰክራል።

ከዚህም በላይ የሚያስገርመው ዛጉዌዎች ራሳቸው ያገኙት ስፍራ ነው። በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወደ ግእዝ የተመለሰው ክብረ ነገሥት፣ በመዝጊያው ዛጉዌዎችን የእስራኤል ዘር ያልሆኑ ገዢዎች አድርጎ ያቀርባቸዋል። ሆኖም በዚያው በሰሎሞናውያን ዘመን ለይምርሐነ ክርስቶስ፣ ለላሊበላና ለነአኩቶ ለአብ ገድል ተጽፎላቸው እንደ ቅዱሳን ተከብረዋል። ዙፋናቸው በሕግ ተነፈገ፤ ቅድስናቸው ግን ታወቀ። ቤተ ክርስቲያን መንግሥት ሊፈጽመው ያልቻለውን ካሣ በስንክሳርና በገድል ፈጸመች።

የወራሾች ኃላፊነት

የይኩኖ አምላክ ልጅ ይግብዐ ጽዮን በ1290 ለግብጹ ሱልጣን ለቀላውን በላከው ደብዳቤ ከአባቱ የተለየ መሆኑን፣ በግዛቱ ያሉትን ሙስሊሞች እንደሚጠብቅ ገልጿል። ደብዳቤው የዲፕሎማሲ ፍላጎት እንደ ነበረው ግልጽ ነው። ቢሆንም ልጅ ከአባቱ ሥራ ራሱን ለይቶ በሌሎች ፊት የቆመበት ሰነድ መሆኑ ችላ አይባልም። ይግብዐ ጽዮን ከሞተ በኋላ ከ1294 እስከ 1299 ልጆቹ እየተፈራረቁ ጥቂት ጥቂት ጊዜ ነገሡ። የነገሥታትን ልጆች በግሸን አምባ ላይ የማሰር ልማድ መነሻም ብዙ ጊዜ ከዚህ ዘመን ጋር ይያያዛል፤ ልማዱ አምባው በ1540 በኢማም አሕመድ ሠራዊት እስከ ተያዘ ድረስ ዘለቀ። ከተራራ እስር ቤት አምልጦ ዘውድ የጫነው ሰው ዘሮች ተራራ ላይ ታሰሩ። በኃይል የተያዘ ዙፋን ሌላውም በኃይል ሊይዘው እንደሚችል የሚያውቀው ከሁሉ በፊት ባለቤቱ ነው።

የተሸናፊው ወገን ትዝታም አልጠፋም። የዋግ ሹሞች ከዛጉዌ መውረዳቸውን ሲናገሩ ኖረዋል። ከእነርሱ አንዱ ዋግ ሹም ጎበዜ በ1868 ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብሎ ነገሠና እስከ 1871 ገዛ። ከጋይንት ስድስት መቶ ዓመት ያህል በኋላ የዛጉዌ ዘር የሚል ሰው ዘውድ ሲጭን የመንበሩ ጥያቄ በቃል ኪዳን እንዳልተዘጋ ታየ።

ማጠቃለያ

ይኩኖ አምላክ በ1285 ሞተ። ዐፅሙ ዛሬ በጣና ሐይቅ በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም ከሌሎች ነገሥታት ጋር እንደሚገኝ ይነገራል። በሐይቅ እስጢፋኖስ የጀመረ ሕይወት በሌላ የእስጢፋኖስ ደሴት ማረፊያ አገኘ ማለት ነው፤ ቅዱስ እስጢፋኖስም የሚታወሰው ለገዳዮቹ በመጸለዩ ነው። የጋይንቱ ንጉሥ ግን ስሙ እንኳ በውል አልጸናም።

የሕይወቱ ጥናት ወደ አንድ መደምደሚያ ያመራል። በደሉ የይኩኖ አምላክ የራሱ ነው፤ ትንቢትም ሆነ የትውልድ ሐረግ አያነሡለትም፤ ምክንያቱም የመቅደስን ክብር ካስተማሩት መምህራን እግር ሥር የተነሣ ሰው ነበር። ኀፍረቱ የሥርወ መንግሥቱ ነው፤ የሟቹን ስም በመሰወሩና ግድያውን በእርቅ በመተካቱ ይታወቃል። ኃላፊነቱ ግን ከሁለቱም ሰፍቶ ታሪኩን ወደምንጽፈው ወደ እኛ ይደርሳል። የቦርሸርት ወታደር ኃላፊነቱን የሚመልስለት ሰው እንዳጣ ሁሉ፣ የቆየ በደልም የሚረከበው ሰው ካልተገኘ በትውፊት ውስጥ ስሙን እየለወጠ ይኖራል። ለተመራማሪ የቀረው ድርሻ በንጉሡ ላይ መፍረድ ብቻ አይደለም። ገነተ ማርያምን የሚያጠና ሰው በግድግዳው ላይ የተሣለውን ንጉሥ በዝርዝር ሲገልጽ፣ በማንም ግድግዳ ያልተሣለውን የጋይንቱን ሟችም በስሙ ይትባረክ ብሎ ሊጠራው ይገባል።